ጋሼን ጠይቁ፦ ቦብ ጌልዶፍ ባለውለታችን ነው ወይስ ስማችንን ያጎደፈ?

ባለፈው እትም ስለ ድሮ ካሴቶች ስጽፍ ባንድ ኤይድን፣ ማለትም ለሰባ ሰባቱ ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የዘፈኑትን የፈረንጅ ዘፋኞች ስብስብ፣ በአንድ መስመር ነካ አድርጌ አለፍኩ። ደብዳቤው ጎረፈ። ስለዚህ ዛሬ ገጹ በሙሉ የቦብ ጌልዶፍ ነው። የውጭውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ዓ.ም. ካልኩ የኛ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ የሚሌኒየም ሰሞን የተወለድኩ ነኝ። በየዓመቱ የፈረንጅ ገና ሲደርስ አንድ ዘፈን ቲክቶክ ላይ ይመጣብኛል። ስለኛ ረሃብ ነው ይላሉ። ያሰባሰባቸው ቦብ ጌልዶፍ የሚባል ሮከር ነው አሉ። አባቴን ብጠይቀው «ተወው እባክህ» ብሎኝ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ሰውየው ማነው? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ በአባትህ አትፍረድ። ሰባ ሰባትን በዓይኑ ያየ ሰው ስለሱ ማውራት አይወድም። እኔ ግን የሚከፈለኝ ለማውራት ነው።

ጌልዶፍ አየርላንዳዊ ነው። በጥቅምት 1951 ደብሊን አጠገብ ደን ሊሪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። እናቱ የሞተችበት ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። አባቱ ዕቃ ይዞ አገር ላገር የሚዞር ሻጭ ስለነበር ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ አሳደገ። ትምህርቱ አልሆነለትም። ቄራ ሠራ፣ መንገድ ቆፈረ፣ አተር ማሸጊያ ፋብሪካ ገባ። ከዚያ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ሄዶ ጋዜጣ ላይ ስለ ሙዚቃ ይጽፍ ጀመር። ይቺን ያዝልኝ፤ ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት ጋዜጠኛ ነበር። ምን ወሬ እንደሚሸጥ ያውቃል።

በ1975 አገሩ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ቡምታውን ራትስ የሚባል ባንድ አቋቋመ። በ1978 እና በ1979 ሁለት ዘፈኖቻቸው እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጡ። በ1984 ግን ነገር ዓለሙ ቀዝቅዟል። አዲስ ዘፈን ያወጣሉ፣ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ጌልዶፍ ያን ሁሉ ያደረገው ዝናው ጣሪያ ነክቶ ሳለ ሳይሆን ገበያው ጀርባውን በሰጠው ሰዓት ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የመጣ ዘገባ አሳየ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ናት። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። (አሚን በ1989 ዓ.ም. የሞተው ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ይከነክነኛል።) ጌልዶፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዘገባውን አየ። የልጁ እናት ፓውላ ዬትስ የቴሌቪዥን አቅራቢ ነበረች። ከቀናት በኋላ ሥራ ላይ እያለች ደወለላት። አልትራቮክስ የሚባለው ባንድ ዘፋኝ ሚጅ ዩር በአጋጣሚ እዚያው ነበርና ስልኩን ሰጠችው። ለተራበው ገንዘብ የሚያመጣ ዘፈን ሊሠሩ ተስማሙ፤ የሁለቱ ሰዎች ሥራ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ ጌልዶፍ ስልክ ላይ ተጣደ። ዘፋኞቹን ስቲንግን፣ የዱራን ዱራኑን ሳይመን ለ ቦንን፣ ያገኘውን ሁሉ ደወለለት። ቢቢሲ ሬዲዮ ስለ ራሱ አዲስ አልበም ሊያነጋግረው ሲጠራው አልበሙን ትቶ ስለ ረሃቡ አወራ። ኅዳር 16 ቀን ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል ውስጥ ባለ ስቱዲዮ ዘፈኑን በአንድ ቀን ቀዱት። ዘፋኙ ቦይ ጆርጅ ኒውዮርክ ተኝቶ ነበር። ጌልዶፍ ቀስቅሶ በኮንኮርድ አስመጣው። የእንግሊዝ መንግሥት በዘፈኑ ሽያጭ ላይ ቀረጥ አልምርም ሲል ከታቸር ጋር በአደባባይ ተፋጠጠ፤ መንግሥትም በመጨረሻ የሰበሰበውን ያህል በእርዳታ መልክ መለሰ። ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

እኔን ከጠየቅከኝ የዚህ ሰው ትልቁ ችሎታ ዘፈን አይደለም። ችክ ማለት ነው። «አይሆንም» ሲሉት እንዳልሰማ ሆኖ እንደገና ይጠይቃል።

የአሜሪካኖቹ ዘፈን «ዊ አር ዘ ወርልድ» በጥር ተከተለ። ሐሳቡን ያመጣው ሃሪ ቤላፎንቴ፣ የጻፉት ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ናቸው። ጌልዶፍ እዚያም ተገኝቶ ቀረጻው ሳይጀመር ኢትዮጵያ ያየውን ነገራቸው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት መጣ። ለንደን ዌምብሊና ፊላደልፊያ፣ በአንድ ቀን፣ በሳተላይት ተያይዘው። ከአንድ ቢሊዮን ሰው በላይ እንዳየው ይገመታል። ኩዊን የሚባለው ባንድ መድረኩ ላይ ስለቆየበት 21 ደቂቃ ሌሎች ጽፈው ስለጨረሱ እኔ አልደግመውም። እኔ የምወደው ጌልዶፍ የቢቢሲ ስቱዲዮ ገብቶ የተናደደበትን ነው። አቅራቢው ገንዘብ የሚላክበትን የፖስታ አድራሻ ሊያነብ ሲል፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ያጣው ጌልዶፍ በቀጥታ ስርጭት ባለጌ ቃል ተናግሮ አቋረጠው። አድራሻውን ተወው፣ ስልክ ቁጥሩን ንገራቸው፣ ሰው አሁን እየሞተ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አላርፍ አለ። በድምሩ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበ ይነገራል።

ጥያቄ፦ ጊታር እየተማርኩ ነው። ሌላ ሌላውን ትተን ሙዚቃው ራሱ እንዴት ነው? ዘፈኑስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለጊታር ሌላ መምህር ፈልግ። የቡምታውን ራትስ ሥራ ደህና ነው፣ ከደህናም የሚያልፍ አለው። «አይ ዶንት ላይክ ማንደይስ»ን ስማው። ሳን ዲዬጎ ውስጥ አንዲት ልጅ በ1979 ትምህርት ቤት ላይ ተኩሳ ሰው ስለገደለችበት ቀን የተጻፈ ነው፤ ጊታሩን ሳይሆን ፒያኖውን ነው የምትሰማው። ዌምብሊ ላይ ሲዘፍነው ስለ መሞት የምታወራው ስንኝ ላይ ሲደርስ ድንገት ቆመ፣ ቡጢውን አነሳ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጮኸ። ሮክ ማለት ያ ነው።

የባንድ ኤይዱ ዘፈን ግን ሲበዛ ደካማ ነው። እነሱ ራሳቸውም ጥሩ ዘፈን ነው ብለው ብዙ አልተከራከሩለትም። ዜማውስ ይሁን፤ ግጥሙ ያበሳጨኛል። ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ማንን ነው? 43 ቀን ጾሞ ታኅሣሥ 29ን የሚጠብቅ አገር! ከተራቡት የወሎ ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የነሱን ነገር ያሰበም የለም። ወንዝ አይፈስም ይላል፤ ዓባይን የት ጥለውት ነው?

ያኔ ደሴ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ካሴት እቀዳ ነበር። ዘፈኑን የቤቱ ባለቤት በሆነ መንገድ አስመጣው። ከበሩ ላይ ቆመን ከአሰብ ስንዴ ጭነው ወደ ወልዲያና ወደ ኮረም የሚወጡትን ከባድ መኪኖች እናያለን። በእግሩ የሚመጣውንም ሰው እናያለን። ካሴቱን የገዛን አላስታውስም። ሰው የሚጠይቀው ጥላሁንን ነበር።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ለተራበው ሳይሆን ለጦር መሣሪያ ዋለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ በ2010 ቢቢሲ የቀድሞ የሕወሓት ሰዎችን ጠቅሶ፣ አማፂው በያዘው አካባቢ የገባ የእርዳታ ገንዘብ ለመሣሪያ ዋለ ብሎ ዘገበ። ጌልዶፍ ነደደው። ቢቢሲ በዚያው ዓመት መጨረሻ የባንድ ኤይድ ገንዘብ እንዲህ ዋለ የሚል ስሜት በመፍጠሩ ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ «እርዳታ አልተሰረቀም» ማለት ሌላ፣ «የባንድ ኤይድ ብር ተሰረቀ» ማለት ሌላ ነው። የጦርነት አገር ውስጥ የገባ ስንዴ ሁሉ ተርቦ የሚጠብቀው አፍ ውስጥ ብቻ ገባ ብዬ አልምልልህም።

እኔን ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰፈራው ነው። ደርግ በረሃቡ ሰበብ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ አጋዘ። ፈልጎ የሄደ ነበር፤ ከስንዴ ሰልፍ ላይ ተለቅሞ፣ ከሚስትና ከልጅ ተነጥሎ የተጫነም ነበር። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ይህን በይፋ ሲቃወም በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። ጌልዶፍ እዚያ ላይ የመረጠው መቆየትን ነው። ለተራበው ለመድረስ ከሰይጣንም ጋር ቢሆን እጨባበጣለሁ ብሏል። የፈረንሳዮቹን አቋም አከብራለሁ። ግን ያኔ የኮረም ሰው ብሆን የምጠብቀው የጌልዶፍን መኪና ነበር።

ደግሞ ጥፋቱን ስናካፍል ለባለቤቱ እናስቀምጥ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ታከብር ነበር። ያው ደርግ ጃንሆይን ከማውረዱ በፊት በነበረው ምሽት የቀደመውን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ በቴሌቪዥን ያሳየን ነው። በሰባ ሰባት ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። እነዚያን ሰዎች ሮከር አልገደላቸውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ትምህርት ቤት «እናንተ አገር ምግብ አለ?» እየተባለ አልቅሶ መጣ። ያስተማሪው ወላጆች ያደጉት በዚያ ዘፈን ነው። ይህን ሰው እንዴት ይቅር ልበለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይቅር በይው ብዬ አልመክርሽም። ቅሬታሽ ልክ ነው። ያ ምስል አርባ ዓመት ሙሉ አልለቀቀንም፤ በየአገሩ የተሰደደው ልጃችን ሁሉ ተሸክሞታል። ላይቭ ኤይድ ላይ ስለ አፍሪካ ሲዘፈን ከአፍሪካ የመጣ ዘፋኝ የት ነበር? ከሃያ ዓመት በኋላ ላይቭ ኤይት የተባለው ኮንሰርት ሲዘጋጅም ይኸው ክስ ተነሳና ፒተር ጋብርኤል የአፍሪካ ሙዚቀኞችን ኮርንዋል ውስጥ ለብቻ ሰብስቦ ሌላ ዝግጅት አደረገ። ዋናው መድረክ ላይ የሴኔጋሉ ዩሱ ንዱር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እንጃ።

የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ሆኗል፤ ለልጅሽ አሳዪው። በ1985 ፊልም ላይ ሞት አፋፍ ሆና የታየችው የትግራይ ሕፃን ብርሃን ወልዱ፣ በሐምሌ 2005 ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ወጣች። ወጣት ሴት፣ የግብርና ተማሪ ሆና። ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች።

ሌላም ንገሪው። ሙዚቀኞቻችን በ1980 ዓ.ም. አካባቢ «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል የኪነት ቡድን ተሰብስበው በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞሩ ዘፍነዋል። የሄዱት በድርቁ ጊዜ ለረዳን ሕዝብ ምስጋና ለማቅረብ ነው። ስንቀበል ብቻ ሳይሆን ስናመሰግንም በራሳችን እስክስታ ነበር። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ አለ። ለአስተማሪውም ላኪለት።

አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር። ጌልዶፍ ለኛ ከሠራው ሁሉ እኔ የማስበልጠው ዌምብሊን አይደለም፤ የዕዳ ስረዛውን ነው። በ2004 ቶኒ ብሌር ባቋቋመው የአፍሪካ ኮሚሽን ውስጥ ገባ፤ መለስ ዜናዊም አባል ነበር። እሱና ዩቱ የሚባለው ባንድ ዘፋኝ ቦኖ መሪዎቹን ሲነዘንዙ ከረሙ። በሰኔ 2005 ሀብታሞቹ አገሮች የ18 ድሃ አገሮችን 40 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለመሰረዝ ተስማሙ። ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ዘፋኞች ብቻቸውን አላመጡትም፤ አብያተ ክርስቲያናትና ብዙ ማኅበራት ለዓመታት ገፍተዋል። ግን ቀና የሚያሰኘው ጉዳይ ይህ ነበር፤ ስንዴ ሳይሆን ስሌት። እኛ በበኩላችን ያ ሰኔ 1997 ዓ.ም. ነበር፤ አዲስ አበባ ከምርጫው በኋላ በተተኮሰው ጥይት ሐዘን ላይ ተቀምጣለች። ዕዳው ሲሰረዝ ልብ ያለው አልነበረም።

ጥያቄ፦ አሁን በሕይወት አለ? ምን ይሠራል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ አለ። ሕይወቱ ግን ቀላል አልነበረም። ፓውላ ዬትስ ትታው ወደ ሌላ ሮከር፣ ወደ ኢንኤክሴሱ ማይክል ሃቸንስ ሄደች። ሃቸንስ በ1997፣ እሷ በ2000 ሞቱ። ጌልዶፍ የሁለቱን ሴት ልጅ ከራሱ ሴቶች ልጆች ጋር አሳደገ። በ2014 ደግሞ የራሱ ልጅ ፒችስ በ25 ዓመቷ ሞተች። ስለ እሱ ክፉ የሚጽፉ ሰዎች እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉ ጥሩ ነው።

ሥራውን ካልክ ነጋዴ ነው። ቀድሞም ቢሆን የቴሌቪዥን ኩባንያ ነበረው። በኋላ ኤይት ማይልስ የሚባል፣ አፍሪካ ውስጥ ኢንቨስት የሚያደርግ ድርጅት ሊቀመንበር ሆነ። በ2013 ይህ ድርጅት ከኢትዮጵያዊ ባለሀብት ጋር ሆኖ አዋሽ ወይን ጠጅን ከመንግሥት ገዛ። አዎ፣ ጉደርና አክሱማይት የሚጠምቀውን። ለኛ ስንዴ ሲለምን የኖረው ሰው ወይናችንን ሊሸጥልን መጣ። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ያኮርፋል። እኔ አላኮረፍኩም። ከነጋዴ ጋር ዋጋ መከራከር ይቻላል።