ጨርቁ ሳይገዛ የተሸጠ ቦርሳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቢሮ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ማታ ማታና ቅዳሜ ግን የጨርቅ ቦርሳ እሰፋለሁ። እስካሁን ለጓደኞቼ አንድ ሃያ የሚሆን ሰፍቻለሁ። የአብዛኞቹን ዋጋ አልተቀበልኩም፤ ወይ ስጦታ ነበር፣ ወይ "በኋላ እሰጥሻለሁ" ተብሎ ቀረ። አሁን የሁለት ወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። አንዲት ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ትልቁን፣ የፋብሪካ የሚባለውን የስፌት ማሽን ልገዛ አስቤያለሁ። ገንዘቤ ስለማይበቃ አጎቴ ሊያበድሩኝ ፈቃደኛ ናቸው። ወንድሜ ደግሞ "ሥራሽን ካልለቀቅሽ ቁም ነገር ላይ አትደርሺም" ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?
ቦርሳ ሰፊዋ ነኝ

መልስ፦ ልጄ፣ ማሽኑን ለጊዜው ተዪው። ክፍሉንም ተዪው። አጎትሽን አመስግኚና ገንዘቡ እሳቸው ዘንድ ይቆይ።

በዚህ መንገድ ሄጄበት ነው የምነግርሽ። እኔ አናጢ ነኝ። ወጣት ሳለሁ የተቀጠርኩበትን ቤት ለቅቄ፣ ተበድሬ፣ የእንጨት መላጊያ ማሽን ገዛሁ። ክፍል ተከራየሁ። በሩ ላይ ስሜን በትልቁ አስጽፌ ሰቀልኩ። ሁሉ ነገር ተሟልቶ ደንበኛ ብቻ ጠፋ። ለሦስት ወር ጠዋት ጠዋት ማሽኑን እወለውላለሁ፣ ማታ ማታ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ኪራይ ደግሞ ሥራ ኖረ አልኖረ አያውቅም፤ ወሩ ሲሞላ ይመጣል። በአራተኛው ወር ማሽኑን በገዛሁበት ዋጋ ግማሽ ሸጥኩት። የቀረውን ዕዳ ተመልሼ ተቀጥሬ ሁለት ዓመት ከፈልኩ።

ሁለተኛ ጊዜ የጀመርኩት በአንድ ከረጢት ነው። ውስጡ መዶሻ፣ የእጅ መጋዝ፣ ሙጫና ብርጭቆ ወረቀት ነበር። ቤት ለቤት እየዞርኩ የተነቃነቀ ወንበር እጠግናለሁ። እንጨቱ የባለቤቱ፣ መሥሪያ ቦታውም የባለቤቱ በረንዳ። ከኔ የሚጠበቀው እጄ ብቻ ነው። ማታ ስገባ ጠዋት ያልነበረ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ አለ። ጥገና ንቀው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን "ጠረጴዛስ ትሠራለህ?" የሚለውን ጥያቄ የሰማሁት ወንበር ስጠግን ነው። የመጀመሪያው ደህና ትእዛዜ እንዲያ መጣ።

አንቺም የተበላሸ ዚፕ ቀይሪ፣ የተበጠሰ ማንጠልጠያ ስፊ። ቦርሳው የሰውየው ነው። ጨርቅ አትገዢበትም።

አሁን ወደ ገንዘብሽ። ያጠራቀምሽውን 100 ብለን እንያዘው። በ100ው ጨርቅ ገዝተሽ፣ ሰፍተሽ፣ ሸጠሽ፣ 120 ሆኖ ተመለሰ እንበል። ይህ ዙር 30 ቀን ከፈጀብሽ በወሩ መጨረሻ እጅሽ ላይ ያለው 120 ነው። 10 ቀን ከፈጀ ግን በወር ሦስት ጊዜ ይዞራል፦ 120፣ ከዚያ 144፣ ከዚያ 172 ከምናምን። መነሻው ያው 100 ነው፣ ትርፉም ያው ሃያ በመቶ። እርግጥ ይህ ሁሉም ተሽጦ፣ አንቺም ከመሀል ምንም ሳትወስጂ ነው። ወረቀት ላይ የማያምር ንግድ የለም። ቢሆንም ገንዘብ ከእጅሽ ከመውጣቱ በፊት "መቼ ነው የሚመለሰው?" ብለሽ ጠይቂ። ጨርቅ በጅምላ ረከሰ ብለሽ የስድስት ወሩን ብትገዢ ቅናሹን ታገኛለሽ፤ ገንዘብሽ ግን መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ማሽን ላይ የዋለ ደግሞ ለዓመታት ይተኛል።

የክፍሉንም ነገር በዚሁ እንየው። ኪራዩ በወር 40 ቢሆን፣ ከአንድ ቦርሳ የሚተርፍሽ ደግሞ 4 ቢሆን፣ የወሩ የመጀመሪያዎቹ 10 ቦርሳዎች የአከራይሽ ናቸው። ለራስሽ መስፋት የምትጀምሪው ከአሥራ አንደኛው ነው። ማታ ማታና ቅዳሜ እየሠራሽ በወር ስንት ትጨርሻለሽ?

እስካሁን ከሰፋሻቸው ሃያዎቹ ውስጥስ ስንቱን ነው ሰው ከኪሱ አውጥቶ የገዛው? ጓደኛ "ሲያምር!" ይላል። "ሲያምር" ማለት ገንዘብ አያስወጣም። ለማታውቂው ሰው አሥር ሽጪና ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ማሽን እናወራለን።

ለዚያ መንገዱ ቀብድ ነው። ሁለት ሦስት ናሙና አሳምረሽ ስፊ። እሱን እያሳየሽ ትእዛዝ ተቀበዪ። ቀብዱ ቢያንስ የጨርቁን፣ የዚፑንና የክሩን ዋጋ ይሸፍን። ከጓደኞችሽ ጋር ይሉኝታ ከያዘሽ "ጨርቁን የምገዛው በቀብዱ ነው" በያቸው። እውነትም እንዲያ ነው። ይህ የቸገረው ሰው ዘዴ እንዳይመስልሽ። የዴል ኮምፒውተር ኩባንያ መሥራች ማይክል ዴል እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ፣ ኦስቲን ከተማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1,000 ዶላር ነው የጀመረው። ኩባንያው ያደገውም ደንበኛ ትእዛዝ ሲሰጥ ኮምፒውተር እየገጣጠመ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የገዢው ገንዘብ እጁ የሚገባው የዕቃ አቅራቢዎቹ ክፍያ ከመድረሱ በፊት ነበር። በሌላ ሰው ገንዘብ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ያውም በሕጋዊ መንገድ።

ግን ቀብድ አደራ ነው። እኔ ተቃጥዬበታለሁ። አንድ ጊዜ የወንበር ቀብድ ተቀብዬ ገንዘቡን ለቤት ኪራይ አዋልኩት። ከዚያ የጠረጴዛ ቀብድ መጣ፤ በሱ የወንበሩን ጣውላ ገዛሁ። የጠረጴዛው ቀን ሲደርስ የአልጋ ቀብድ ተቀበልኩ። ሁለት ወር ያህል የአንዱን ገንዘብ ለሌላው እንጨት እየከፈልኩ፣ ያዘዘኝን ሰው መንገድ ላይ ሳይ መታጠፊያ እፈልግ ነበር። በመጨረሻ አልጋ ያዘዙት እትዬ መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። "የኔን እንጨት አሳየኝ" ብቻ አሉኝ። የሚታይ እንጨት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቀብድ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ከፖስታው የሚወጣው ለዚያው ሰው ዕቃ ብቻ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ዋጋ ስታወጪ ክሩን፣ መርፌውን፣ ትራንስፖርቱን፣ ተበላሽቶ የተጣለውን ቁጠሪ፤ ሰዓትሽንም። እኔ የመጀመሪያ ወንበሬን ስሸጥ ሙሉ ቀን በብርጭቆ ወረቀት የፈተግኩበትን ረስቼው ነበር። ፈቃድና ግብርን ደግሞ የሚመለከተው ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ እንጂ ከጎረቤት አትስሚ።

ስለ ብድሩ። ብድር ሁሉ ክፉ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሙሐመድ ዩኑስ የሚባል የኢኮኖሚክስ መምህር ባንግላዴሽ ውስጥ ጆብራ በምትባል መንደር የቀርከሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶች አገኘ። ቀርከሃ መግዣ የሚያበድራቸው ነጋዴ ነው። በርጩማውንም መልሶ የሚገዛቸው ያው ነጋዴ ነው፤ ያውም ራሱ በቆረጠው ዋጋ። ቀኑን ሙሉ ሠርተው የሚተርፋቸው ሳንቲም ነበር። ዩኑስ በመንደሩ እንዲህ የተያዙትን ሲያስቆጥር 42 ሰዎች ሆኑ። ሁሉንም ነጻ ለማውጣት የሚያስፈልገው በድምሩ 27 ዶላር ነበር፤ ከኪሱ አበደራቸው። ከዚያ የተነሳው ግራሚን ባንክ በ1983 በይፋ ባንክ ሆነ፣ በ2006 ደግሞ ከመሥራቹ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፈለ።

ይህን ታሪክ ሰዎች "ተበደር" ለማለት ይጠቅሱታል። እኔ ሌላ ነገር ነው የማይበት። እነዚያ ሴቶች ሙያውም ገበያውም ነበራቸው፤ የተበደሩት በጥቂት ቀን ውስጥ ተሸጦ ለሚመለስ ቀርከሃ ነው። አንቺም ትእዛዝ በዝቶ የጨርቅ መግዣ ሲያጥርሽ ወደ አጎትሽ ሂጂ። የሚመለስበትን ቀን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ደግሞ "ጨርቁን እኔ ልስጥሽ፣ ቦርሳውን ለኔ ብቻ ሽጪ" የሚል ደግ ሰው ከመጣ የጆብራን ነጋዴ አስታውሺ።

ማሽኑን መቼ ልግዛ ትይኛለሽ። ጊዜ አጥሮሽ የመለስሻቸውን ትእዛዞች ደብተር ላይ ጻፊ፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ስንት ቦርሳ እንደነበር። ሁለት ወር ጻፊ። ከነዚያ ታገኚው የነበረው ትርፍ የማሽኑን ዋጋ በጥቂት ወራት የሚመልስ ከሆነ ግዢ። እስከዚያ ማሽን ያለው ሰው ፈልገሽ በሰዓት እየከፈልሽ ሥሪ።

ወንድምሽን ደግሞ ስለ ስፖርት ጫማ ኩባንያው ናይክ ጠይቂው። ፊል ናይትና የሩጫ አሠልጣኙ ቢል ባወርማን እ.ኤ.አ. በ1964 እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው ነው የጀመሩት። ጫማውን ከጃፓን ያስመጣሉ፣ ናይት ውድድር ሜዳዎች እየዞረ ከመኪናው ኋላ ይሸጣል። ሥራውን ግን አልለቀቀም፤ የሂሳብ ባለሙያ ነበር። ሙሉ ጊዜውን ለጫማው የሰጠው በ1969 ነው። ያ ሁሉ ዓመት ገበያው ሲያድግ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ይጠብ ነበር። የሸጠው ገንዘብ ለሚቀጥለው፣ ከበፊቱ ለሚበልጠው ትእዛዝ ይሄዳልና። አየሽ፣ ገበያ ሲደራም ገንዘብ ያልቃል። ደመወዝሽ ወለድ የማይጠይቅ አበዳሪሽ ነው፤ አታስቀይሚው።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ የስልክ ጥገና ልንጀምር ነው። ሙያው የሱ፣ ገንዘቡ የኔ፤ ትርፉን እኩል ልንካፈል ተስማምተናል። ወረቀት መፈራረም ወዳጅነታችንን አያሻክረውም?
ሸሪኩ ነኝ

መልስ፦ አያሻክረውም። የሚያሻክረው እሱ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሲውል አንተ ማታ መጥተህ እኩል ስትካፈል ነው። ወይም አንተ ያወጣኸው ገንዘብ ሳይመለስ እሱ "ትርፍ" ብሎ ሲወስድ። ስለዚህ ሁለቱን ለዩት። ለሚሠራው የሥራው ይከፈለው፣ ያወጣኸው ገንዘብ በየወሩ ስንት ስንት እንደሚመለስልህ ይወሰን፣ የተረፈው ትርፍ ነው። አንዳችሁ ልውጣ ቢል ምን እንደሚሆንም ጻፉ።

በስማቸው የሚጠራውን የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ (ኤች.ፒ.) የመሠረቱት ዊልያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1939 በ538 ዶላር አንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሲጀምሩ የማን ስም ይቅደም የሚለውን ሳንቲም ወርውረው ጨረሱት። ስም እንደዚያ ቢያልቅ ግድ የለም። ገንዘቡን ግን ጻፉት።

መፍቻዎቹ የማን እንደሆኑም መጻፉን እንዳትረሱ። እኔ ከቀድሞ ሸሪኬ ጋር ስንለያይ በገንዘቡ አንድ ከሰዓት ተቀምጠን ተስማማን። በአንዲት መጋዝ ግን ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን።