«አሮጌው አልፏል» ስለ ሸሚዝ የተነገረ አይደለም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የባለቤቴን ያረጀ ሸሚዝ ፈትቼ ለልጄ ልብስ እሰፋለሁ። በተቀደደ ጀሪካን ጎመን ተክያለሁ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮውን የቅመም ማስቀመጫ አደርገዋለሁ። ስሠራው ደስ ይለኛል። ጎረቤቴ ግን «አሮጌ ዕቃ ማከማቸት በረከት ይዘጋል፤ ቃሉም አሮጌው አልፏል፣ ሁሉም አዲስ ሆኗል ይላል» አለችኝ። ባለቤቴም ሰው ሲመጣ ያፍራል። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ፣ ኃጢአት የለበትም። ልብሽን አሳርፊው።

ጎረቤትሽ የጠቀሰችው 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥17ን ነው። ጥቅሱ እንዲህ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በተለይ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ። ደኅናውን ወንበር፣ ደኅናውን ብርድ ልብስ አውጥተው ይጥሉና «አሮጌው አልፏል» ይላሉ። ሐዋርያው የሚናገረው ግን በክርስቶስ ስላለ ሰው ነው። ያለፈው የቀድሞው የኃጢአት ኑሯችን ነው እንጂ ወንበሩ አይደለም። አዲስ ሶፋ ገዝቶ የከረመ ቂሙን ይዞ የሚቀመጥበት ሰው ምኑ ታደሰ?

ጌታ 5 እንጀራ አበርክቶ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ያዘዘውን አስቢ። «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» አለ (ዮሐ. 6፥12)። 12 መሶብ ሞላ። ማብዛት የሚችለው አምላክ ፍርፋሪው እንዲጣል አልፈቀደም። ታዲያ የተረፈውን መሰብሰብ እንዴት በረከት ይዘጋል?

ደግሞ አቤሜሌክን አስታውሺ፣ የእኛን ኢትዮጵያዊ። ነቢዩ ኤርምያስ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ተጥሎ ነበር። አቤሜሌክ ንጉሡን አስፈቅዶ ሊያወጣው ሄደ። ለማውጣቱ ገመድ ይበቃ ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ከቤተ መዛግብት በታች ወዳለው ስፍራ ገባና አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ይዞ መጣ። ጨርቁን በገመድ አወረደለትና በብብቱ፣ ከገመዱ በታች እንዲያደርገው ነገረው (ኤር. 38፥11-12)። ገመዱ ገላውን እንዳይልጠው ነው። ያን እላቂ ሌላ ሰው ቢያየው ቆሻሻ ብሎ ያልፈዋል። አቤሜሌክ የነቢዩን ብብት አሰበ። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። አንቺም ሸሚዙን ስትፈቺ የልጅሽን ትከሻ እያሰብሽ ነው። ደስታሽ የሚመጣው ከዚያ ነውና አትፍሪው።

የብራና መጻሕፍቶቻችንንም ተመልከቺ። ቆዳው ሲፋቅ ቢቀደድ ይሰፋል እንጂ አይጣልም። ቀዳዳው ካልተደፈነም ጸሐፊው ዙሪያውን ይጽፋል። ቅዱስ ቃሉ የሰፈረበት ገጽ ስፌት አለው፤ ማንም አላፈረበትም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ምድጃ የሚያወጡትም የእጃቸውን ላብ ነው የሚበሉት።

አንድ ነገር ግን ጠንከር አድርጌ ልንገርሽ። ቁጠባ ሳይታወቅ ስስት ይሆናል። «አንድ ቀን ይጠቅመኛል» ተብሎ አልጋ ሥር የታጨቀ፣ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ልብስ ካለሽ እርሱ የሌላ ሰው ነው። መጥምቁ ዮሐንስ «ሁለት ልብሶች ያሉት ለሌለው ያካፍል» ብሏል (ሉቃ. 3፥11)። ስትሰጪም እላቂውን ለድሃ፣ ደኅናውን ለራስሽ አታድርጊ። ዚፑ የተበጠሰ፣ ቁልፉ የረገፈ ልብስ በፌስታል ታጭቆ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲጣል አያለሁ። በጣም ያሳዝነኛል። የሚቀበለውም ሰው እኮ ገላ አለው፣ ክብር አለው። እጠቢው፣ ቁልፉን ትከዪለት፣ ተኩሺው፣ ከዚያ ስጪ። መርፌውን እንደሆነ ታውቂበታለሽ።

የባለቤትሽንም እፍረት አትናቂበት። ሸሚዙን ከመቁረጥሽ በፊት ጠይቂው። እንግዳ ሲመጣ ቆርቆሮውን ከጠረጴዛው ብታነሺ ምንም አይጎድልብሽም። በቁጠባው የተረፈው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል ደግሞ አብራችሁ ወስኑ፤ ለልጁ ትምህርትም ይሁን ለተቸገረ ዘመድ። እርሱ ካላወቀው የአንቺ ብቻ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ካልተስማማችሁ የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሩና ሁለታችሁም ባላችሁበት አማክሯቸው።