ዓይን ሕዋስ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነርሲንግ ለመግባት በሚቀጥለው ሴሚስተር አናቶሚና ፊዚዮሎጂ እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት የሴልና የኬሚስትሪ መሠረቱን እየከለስኩ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ደሴ በአማርኛ ስለተማርኩ ማስታወሻ የምይዘውም በአማርኛ ነው። ግን ተምታታብኝ። ልጅ ሆኜ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ብዬ ሸምድጃለሁ። ሕዋስ ሴል ከሆነ ዓይን አንድ ሴል ነው ማለት ነው? ኦክስጅንም ፕሮቲንም «ንጥረ ነገር» ሲባሉ እሰማለሁ። የቱን ልያዝ? አጻጻፉስ ሕዋስ ነው ወይስ ህዋስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ የቃሉ ነው።

ሕዋስ ጥንት የስሜት መቀበያ ነበር። ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። ዓረብኛም አምስቱን «ሐዋስ» ይላቸዋል፤ ዝምድናው ፊት ለፊት ነው። ሴል የሚባል ነገር መኖሩን ማንም ሳያውቅ ቃሉ ሥራ ላይ ነበር።

ሴል ኋላ የመጣ ነው። በ1665 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አየ። የማር እንጀራ የመሰሉ ባዶ ክፍሎች ታዩት። «ትንሽ ክፍል» ለማለት ሴል አላቸው። የመነኩሴ ማደሪያም በእንግሊዝኛ ሴል ነው። ቃል በቃል ቢተረጎም ኖሮ ዛሬ «ቀይ የደም በዓት» እንል ነበር። እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም ነበር! በእኛ አገር ግን ሥራ ላይ የነበረው ሕዋስ ለሴልም ተሰጠ። የድሮ ሥራውን ደግሞ የነጠቀው የለም። አንድ ቃል ሁለት ደመወዝ ይበላል።

ስለዚህ ዓይን ሴል አይደለም። የአካል ክፍል ነው። በአንድ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት ብቻ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» የሚለውን ለልጅነትሽ ተዪለትና ማስታወሻሽ ላይ «የስሜት አካላት» በይ። ሕዋስ ለሴል ብቻ ይሁን። ተመሳሳይ ሕዋሳት ተሰባስበው አንድ ሥራ ሲሠሩ ኅብረ ሕዋስ ይባላሉ። ከእነሱ የአካል ክፍል ይሠራል፤ ከአካል ክፍሎች ደግሞ ሥርዓት፣ ለምሳሌ ምግብ የሚፈጭበት ሥርዓተ ልመት።

አደራ፣ «ሕዋሳቶች» አትበይ። ሕዋሳት ራሱ ብዙ ነው፤ ሕዋሶችም ያስኬዳል። የዓረብኛው ሐዋስ እንኳ ብዙ ቁጥር ነው። ሕዋሳቶች ያለ ሰው እንግዲህ ሦስት ጊዜ አበዛ።

ካነሣነው አይቀር አንድ ወጥመድ ላሳይሽ። ኒውክለስን፣ የሕዋሱን እምብርት፣ አስኳል የሚሉ አሉ። ደስ የሚል ቃል ነው፤ ግን የእንቁላሉ አስኳል ኒውክለስ አይደለም። እንቁላሉ ሳይዳብር በፊት ቢጫው በሙሉ አንድ ሕዋስ ነው። ኒውክለሱ ያለው ቢጫው ላይ በምትታየው ትንሽ ነጣ ያለች ነጥብ ውስጥ ነው። የአቶሙም እምብርት አስኳል ይባላል። ስለዚህ ሁልጊዜ «የሕዋስ አስኳል»፣ «የአቶም አስኳል» ብለሽ ለይተሽ ጻፊ። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ጭራሽ አስኳል የለውም፤ ይህቺን ፈተና ላይ ሳትወዳት አትቀርም መምህርሽ።

ወደ ንጥረ ነገር (ኤለመንት) እንምጣ። ቅቤ አንጥረሽ ታውቂያለሽ መቼም። ቃሉ ከዚያው ነው። ጉድፉ ሁሉ ወጥቶ ንጹሑ የቀረ፣ በኬሚስትሪ መንገድ ወደ ሌላ ቀለል ያለ ነገር የማይከፈል። ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን እንዲህ ናቸው። ከሰውነታችን ክብደት 96 በመቶ ያህሉ እነዚህ አራቱ ናቸው። ፕሮቲን ግን ከእነሱ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ፕሮቲን የተባለው ንጥረ ነገር» ሲባል ብትሰሚ፣ ተናጋሪው ንጥረ ምግብ ለማለት ፈልጎ ነው። በወሬ ይታለፋል፤ በማስታወሻሽ ላይ ግን አይግባ።

ንጥረ ነገሮች ሲጣመሩ ውሁድ ይባላሉ። ሥሩ ከተዋሕዶ ጋር አንድ ነው፤ አንድ መሆን። በሶና ስኳር ግን ድብልቅ ናቸው፣ አልተዋሐዱም። ሶዲየም ውኃ ሲነካ የሚንቦገቦግ ሜታል ነው። ክሎሪን መርዘኛ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ወጥሽ ውስጥ የምትጨምሪው ጨው ይሆናሉ። እዚህ ላይ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት አታምጪው። እዚያ ተዋሕዶ ያለ መለወጥ ነው፤ እዚህ ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል።

አቶም፣ አዮን፣ ሞለኪውል፣ ኢንዛይም እንዳሉ ይቀመጡ። ፈተናሽም በእንግሊዝኛ ስለሆነ እነሱን ወደ አማርኛ መመለስ ትርፉ ድካም ነው።

ፊደሉ? በሐመሩ ሐ ነው፣ ሕዋስ። ህዋስ ብለሽ ብትጽፊ ማንም አይስተውም፣ እኔም አልቆጣም። ጠንቅቄ ልጻፍ ካልሽ ግን ኅብረ ሕዋስ ላይ ተጠንቀቂ። የመጀመሪያው በብዙኃኑ ኀ፣ ሁለተኛው በሐመሩ ሐ ነው።