ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫትና ስለ ክኒን ጠይቁኝ

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የምሠራው ሱስ የያዛቸው ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ነው። ስማችሁን መጻፍ አያስፈልግም፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አባታችን ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቤት ቆልፈንበት ልናስጥለው ተማክረናል። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እባካችሁ እንዳታደርጉት! ሰውነቱ ያለ አልኮል መዋል ከብዶታል ማለት ነው። በአንዴ ሲቋረጥበት መጀመሪያ ላብና መንቀጥቀጥ ይመጣል። በ2 ቀን ውስጥ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከዚያ መቃዠት፣ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል። አንድ አባት አንሶላቸው ላይ የሌለ ጉንዳን ሲለቅሙ አድረዋል። ቤተሰብ «ሰይጣን ያዘው» ብሎ በገመድ የሚያስረው እንዲህ ሲሆን ነው። ካልታከመ ይገድላል። ሆስፒታል ግን የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጡትና ቀስ በቀስ ይቀንሱለታል፤ ቫይታሚን ቢ1 ይወጉታል። እዚያ እስክታደርሱት መጠጡን ከእጁ አትንጠቁት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰዱት። ክፍለ ሀገር ከሆናችሁ በቅርባችሁ ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና እንዳለው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መጠጥ የሚያስጠላውን ክኒን፣ ዳይሰልፊራምን፣ ወጥ ውስጥ ደብቀን ብንሰጠውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ሳያውቅ ከጠጣበት ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል። የልብ ሕመም ካለበት ሊሞት ይችላል። ክኒኑ አውቆና ፈቅዶ ለሚወስድ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ለመጠጥ ሱሱ መድኃኒት የሚወስድ ዘመዳችን ጸበል ጀምሯል። መድኃኒቱን ያቁም?

መልስ፦ አያቁም። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ጫት ነው የምቅመው። ለጨብሲ ብቻ ነው ቢራ የምጠጣው። ሱስ ነው ይባላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያለ ጨብሲ እንቅልፍ ይወስድሃል? ካልወሰደህ አዎ። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳሃል፣ ምርቃናውን ለመስበር ትጠጣለህ፣ በማግስቱ ድብርቱን ለመግፋት ደግሞ ትቅማለህ። ሰው ሁለት ሱስ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው። በጣም የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ መርቅነህ ስትጠጣ ስካሩ ቶሎ አይታወቅህም። ስለዚህ ታበዛለህ፣ «ደህና ነኝ» ብለህ መኪናም ትይዛለህ።

ጥያቄ፦ ጓደኛችን ሲሰክር ቡና እንግተዋለን፣ ውሃ እንደፋበታለን። ልክ ነን?

መልስ፦ ስካርን ጊዜ እንጂ ቡና አያበርደውም። በጎኑ አስተኙት፣ ትውከት እንዳያንቀው ብቻውን አትተዉት። ስትጠሩት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። አረቄ የጠጣ ሰው በማግስቱ ዓይኑ ከደበዘዘም እንደዚሁ። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ግሮሰሪ ለ10ኛ ክፍል ልጆች ይሸጣል። ዝም እንበል?

መልስ፦ ዝም አትበሉ። በአዋጅ 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ለወረዳችሁ አመልክቱ።

ጥያቄ፦ ትራማዶል ለወገቤ ታዞልኝ ነበር። አሁን ያለ እሱ መዋል አልቻልኩም። ከቢራ ጋር ይጎዳል?

መልስ፦ በጣም። ትራማዶል ከእነ ሞርፊን ወገን ነው። እሱም አልኮልም ትንፋሽ ያዘገያሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ተኝቶ አለመነሳት አለ። ቢራውን ዛሬውኑ ተው። ክኒኑን ግን በራስህ በአንዴ አታቋርጥ፣ ሐኪም እየቀነሰ ያስወጣሃል። የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ለሕመምህ ታዞልህ የጀመርከው ነው። የቀረህን ክኒን ይዘህ ሂድ፣ በቀን ስንት እንደምትውጥም ሳትቀንስ ንገራቸው።