የቅርሶች ዲጂታል ቅጂ ጥራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ካሜራችን ከፍተኛ የፒክስል ብዛት አለው። ብራናዎችን በጥራት ለማንሳት ይህ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ሌንሱ ደካማ ከሆነ፣ መቆሚያው ከተነቃነቀ ወይም ብርሃኑ በገጹ ላይ እኩል ካልተዳረሰ፣ ትልቁ ፋይል የሚይዘው የደበዘዘ ጽሑፍ ነው። ጥራት በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የወጣውና በ2021 የተሻሻለው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መስፈርት፣ አይሶ 19264-1፣ የቀለምን ትክክለኛነት፣ የብርሃንን ሥርጭትና የምስልን ጥርት በመለኪያ ሰሌዳ (የታወቁ ቀለሞችና ቅርጾች በታተሙበት ሰሌዳ) አማካይነት እንዴት መመዘን እንደሚቻል ይደነግጋል። ሰሌዳውን በየዕለቱ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ እንዲሁም መብራት ወይም ሌንስ በተነካ ቁጥር አንሱ። ይህን መዝለል የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ስሕተቱ የሚታወቀው ግን ብዙ ጊዜ ቅርሱ ወደ ማስቀመጫው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ያረጀን ብራና ደግሞ ዳግመኛ መግለጥ በራሱ ለጉዳት ያጋልጠዋል።

ጥያቄ፦ የቆሸሹ ገጾችን በሶፍትዌር ብናጸዳስ?

መልስ፦ ዋናውን ቅጂ ፈጽሞ አትንኩት። የሰም ጠብታው፣ የጣት አሻራውና የተፋቀው ቃል ለተመራማሪ ማስረጃ ናቸው። ዋናውን ቅጂ መረጃ በማይጥል የፋይል ቅርጽ፣ ለምሳሌ ባልታመቀ ቲፍ (TIFF) አስቀምጣችሁ፣ ለንባብ የሚሆነውን ታምቆ የቀለለ ጄፔግ (JPEG) ከእርሱ አውጡ፤ ማስተካከያውም በጄፔጉ ላይ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ለድምፅ ካሴቶች የሚመከረው ልኬት ስንት ነው?

መልስ፦ የዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር መመሪያ ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና) እና ለእያንዳንዱ ናሙና 24 ቢት ይላል። ይሁን እንጂ የማጫወቻው ሄድ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበው ክፍል፣ ካልጸዳና ከቴፑ ጋር በትክክል ካልተገጣጠመ፣ የሚጠፉትን ቀጫጭን ድምፆች የትኛውም ልኬት አይመልሳቸውም።

ጥያቄ፦ የቅርሱን መግለጫ መቼ እንጻፍ?

መልስ፦ ቅርሱ ገና ከፊታችሁ ሳለ። መለያ ቁጥሩ፣ ልኬቱ፣ የቀረጻው ቀንና የተጠቀማችሁበት መሣሪያ በዕለቱ ካልተመዘገቡ፣ ምስሉ ምንነቱ የማይታወቅ ፋይል ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ፋይሎቹ ከተቀመጡ በኋላ ሥራው አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃም፤ በእኔ እምነት በብዛት የሚዘነጋውም ይኸው ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ኮድ፣ ማለትም ቼክሰም፣ አውጡለትና በየጊዜው አመሳክሩ፤ ከፋይሉ አንዲት ቢት (ትንሿ የመረጃ አሃድ) ብትለወጥ ኮዱ ይለያል። ቢያንስ ሦስት ቅጂ ያዙ፤ አንዱም በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። መሣሪያው ማርጀቱንም አስቡ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1986 በሌዘር ዲስክ ያሳተመው፣ ስለ ብሪታንያ የሕዝብ ኑሮ ጽሑፍና ምስል የያዘው የዶምስዴይ ፕሮጀክት ሃያ ዓመት ሳይሞላው ማንበቢያው ብርቅ ሆኖ፣ ይዘቱን ለማዳን ልዩ ጥረት ጠይቋል። ስለዚህ ፋይሎቹን ወደ አዲስ ማከማቻ የማዛወሩን ሥራ በጀትና ኃላፊ መድቡለት።