የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሚላን የመጣው ባለ ጎማ መሳቢያ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በመኖሪያ ቤቴ ልብስ እሰፋለሁ፤ እንግዳ የምቀበልበትም የምሠራበትም ያው አንዱ ሳሎን ነው። ሚላን ኖራ ጠቅልላ የተመለሰችው የእህቴ ልጅ ከቤት ዕቃዋ መካከል አንድ ነጭ ባለ ጎማ የፕላስቲክ መሳቢያ ሰጥታኛለች፤ ስሙም «ቦቢ» እንደሚባል ነግራኛለች። ጎረቤቶቼ «ፕላስቲክ አይደለም እንዴ፣ ምን ይህን ያህል ያስጠነቅቃል?» ይሉኛል። በመስኮት በኩል ያለው ጎኑ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ነው። ቢጫው ይለቃል? ክርና መቀሱን ከካውያው ጋር አንድ ላይ ባስቀምጥበትስ ጉዳት አለው?

መልስ፦ እህታችን፣ ስሙ እንደተነገረዎት ከሆነ በእጅዎ ያለው ዕቃ የሚላኑ ተወላጅ ጆ ኮሎምቦ እ.ኤ.አ. በ1970 የነደፈው ነው። ኮሎምቦ በማግስቱ ዓመት ገና በ41 ዓመቱ ያረፈ ሰው ሲሆን፣ የቤት ዕቃ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ መቅረት የለበትም፣ ሰውን ተከትሎ መንቀሳቀስ አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራት በጎማ የምትሄድ ትንሽ ወጥ ቤትም ከዚሁ አሳብ የመነጨች ነበረች። ቦቢን ያሰበው በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ለሚውሉ ባለሙያዎች ነው፤ እርሳሱና ማስመሪያው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ እንዲደርስላቸው፣ ጥቅል ወረቀታቸውም በረጅሙ ክፍት ቦታ ውስጥ እንዲቆም። እርስዎም የልብስ ልክ የሚያወጡበትን ወረቀት ጠቅልለው፣ የእንጨት ሜትርዎን ጨምረው እዚያው ያቁሙት፤ ቦታው ለዚህ የተሠራ ያህል ይስማማዎታል።

መሳቢያዎቹ እንደ ኮመዲኖ መሳቢያ ወደ ፊት የሚሳቡ ሳይሆኑ ከማዕዘኑ ላይ በቆመ ዘንግ ዙሪያ እየዞሩ የሚወጡ በመሆናቸው፣ ቁልፉን በአንዱ፣ ዚፑን በሌላው፣ ቦቢናውን በሦስተኛው አድርገው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፍተው ማየት ይችላሉ። ልብስ ሰፊ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ለጎረቤቶችዎ ጥያቄ በአጭሩ፦ ይህ መሳቢያ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ በመጀመሪያ በጣሊያኗ ፓዶቫ ከተማ ቢየፌፕላስት የተባለው ኩባንያ፣ በኋላም ቢ-ላይን የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሲያመርተው እስከ ዘመናችን ደርሷል። እኔ ግን ከሙዚየሙ ይልቅ በየዕለቱ ሥራ የሚያገለግል መሆኑን አከብርለታለሁ።

አሁን ወደ ካውያው እንምጣ፤ በጣም ያሳሰበኝም እሱ ነው። ቦቢ የተሠራበት ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው ፕላስቲክ ጠንካራና መመታትን የሚችል ቢሆንም፣ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቃረብ መለስለስ ይጀምራል። ጥጥ የሚተኮስበት ካውያ ደግሞ 200 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ፣ ገና ትኩስ ሳለ አናቱ ላይ ቢያሳርፉት ፈጽሞ የማይነሣ ጠባሳ ይተውበታል። ስለዚህ ካውያው የራሱ የብረት ማረፊያ ይኑረው፤ ወደ መሳቢያው የሚመለሰው በእጅ ተዳሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይሁን። የቡና ከሰል ምድጃና ከእሳት የወረደ ጀበናም እንዲሁ፤ ስኒና ረከቦት ግን ቢቀመጥበት ነውር የለውም።

ቢጫ መሆኑ የፀሐይ ሥራ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው የጎማ ዘር በፀሐይ ጨረርና በአየር እየተጎዳ ቀለሙን ይለውጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ፣ ብርዱ ቢያታልለንም ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ቆሻሻ ስላልሆነ በእጥበት አይለቅም። አንዳንዶች በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ያነጡታል፤ ነገር ግን ንጣቱ ወጥ ላይሆን፣ ቢጫውም ሊመለስ ስለሚችል እኔ አልመክርዎትም። ከመስኮቱ ያርቁት ወይም መጋረጃ ያድርጉለት፤ የነጣው ጎኑ ወደ ሰው፣ የቢጫው ወደ ግድግዳ ይዙር። ሲያጸዱት ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንና ቤንዚን ግን ፕላስቲኩን ስለሚበሉት ጠብታቸውም አይንካው።

ወለልዎ ሊሾ ከሆነ ጎማዎቹ በደንብ ይሄዱልዎታል፤ ከጎማው ዘንግ ላይ የሚጠመጠመውን ክር ግን በየጊዜው በመቀስ ጫፍ ያውጡለት። ደፍ ላይ ሲደርሱ በግድ ከመግፋት አንሥተው ያሻግሩት።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የእንጨት ሥራ አለኝ። አንድ ደንበኛዬ የዚህን መሳቢያ ፎቶግራፍ አሳይቶ «እንደዚህ ሥራልኝ» አለኝ። በእንጨት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ቅርጹን አንድ በአንድ ለመቅዳት ግን አይድከሙ። ክብ ማዕዘኖቹ የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ውስጥ በግፊት ተሞልቶ የተገኙ ስለሆኑ እንጨቱን ያለ ጥቅም ያስጨንቁታል። ይልቁንም አሳቡን ይውሰዱና የራስዎን ሥራ ይሥሩ፤ ለደንበኛዎም በራስዎ ስም ይሽጡለት።

የዋናው ስፋት 43 በ42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ብዙ ባይርቁ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባል። ኤም.ዲ.ኤፍ. (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ስለሚከብድ ለመሳቢያዎቹ ኮምፔርሳቶ እመርጣለሁ። ለሁሉም መሳቢያዎች አንድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ከላይ እስከ ታች ያሳልፉ፤ በመሳቢያና በመሳቢያ መካከል ሮንዴላ ይግባ፤ ከታች ክብደቱን የሚሸከም ኩሽኔታ ቢኖርማ ዓመታት ያለ ጩኸት ይዞራል። አስቸጋሪው ሚዛኑ ነው፤ መሳቢያዎቹ ሁሉ የሚወጡት በአንድ ጎን ስለሆነ ጎማዎቹን በተቻለ መጠን ወደ ማዕዘኖቹ ጫፍ ያውጧቸው፤ የታችኛውንም ወለል በወፍራም ጣውላ ያክብዱት። ከማስረከብዎ በፊት መሳቢያዎቹን ሁሉ በምስማር ሞልተው በአንድ ጊዜ ይክፈቷቸው፤ በተቃራኒው ጎን ያለው ጎማ ከወለሉ ከተነሣ፣ የታችኛው ጣውላ ገና ይስፋ።