ስለ ፎርሃንድ አያያዝ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው ሳምንት ከቴኒስ ልምምድ በኋላ ኳስ ስንሰበስብ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ራኬቷን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ፎርሃንድ ስመታ እንደ ናዳል ልያዝ ወይስ እንደ ፌደረር?» ብላ ጠየቀችኝ። ፎርሃንድ ራኬት በያዘው እጅ በኩል የሚመጣውን ኳስ መዳፍን ወደ ፊት አድርጎ መምታት ነው፤ ናዳልና ፌደረርም ስመ ጥር የቴኒስ ተጫዋቾች ናቸው። እንደ ልማዴ «የሚመችሽን ያዢ» ብያት ልሄድ ነበር። ነገር ግን ጥያቄዋ 40 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጸጸት ስለቀሰቀሰብኝ፣ መልሱን ለእሷም ለእናንተም በጽሑፍ ማድረስን መረጥሁ።

ያን ጊዜ ገና ጀማሪ አሰልጣኝ ነበርሁ። በምሠራበት ክበብ ኳስ የሚያቀብል የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር፤ አባላቱ ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ ክሩ የላላ አሮጌ የእንጨት ራኬት ይዞ ከልምምዱ ግድግዳ ጋር ብቻውን ይጫወታል። ያስተማረው ሰው ስላልነበረ፣ መሬት ላይ የተጋደመ ራኬት ብድግ እንደሚያደርግ ሰው መዳፉን ወደ እጀታው ሥር አዙሮ ነበር የሚይዘው። ኳሱን ከታች ወደ ላይ ጠርጎ ሲመታው በብዙ ሽክርክሪት ከፍ ብሎ ይሄድና ድንገት ቁልቁል ይወርዳል።

እኔ ደግሞ የተማርሁት ራኬት እንደ ሰው እጅ ይጨበጣል የሚለውን ኢስተርን የተባለ አያያዝ ብቻ ነበር። አንድ አዛውንት አባል «የቦርግ እጅም እኮ ወደ ሥር የዞረ ነው» ቢሉኝ፣ ብዮርን ቦርግ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980 ዊምብልደን የተባለውን ታላቅ የቴኒስ ውድድር አምስት ጊዜ በተከታታይ እንዳሸነፈ እያወቅሁ፣ «ቦርግ ቦርግ ነው» ብዬ አለፍኋቸው። የልጆች ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው በልጁ እጀታ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርሁና የሌባ ጣቱ ግርጌ አንጓ ከዚያ እንዳይነቃነቅ አዘዝሁት።

በውድድሩ ቀን ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያይ ነበር። ከትከሻው በላይ የሚነጥርበትን ኳስ በዚያ አያያዝ ሊጫነው አልቻለም፤ 6 ለ 1 እና 6 ለ 0 ተሸነፈ። በማግስቱ ምንም ሳይናገር ኳስ ሊያቀብል መጣ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊመሽ ሲል በግድግዳው በኩል ሳልፍ፣ በቀድሞው አያያዙ ሲመታ ደረስሁበት፤ እንዲያ አምሮለት አይቼው አላውቅም። እኔን ሲያይ ግን እጁን ቶሎ ወደ ቀዩ መስመር መለሰ፤ ቀጣዩ ኳስ የራኬቱን ጠርዝ መትቶ ከአጥር ውጭ ወጣ። እኔም «ጎበዝ፣ እንደሱ ነው» አልሁት። ዓመቱ ሳይሞላ ሥራውን ትቶ ሄደ።

የአያያዞቹ ስሞች ከየት እንደመጡ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ኢስተርን ኳስ ዝቅ ብሎ ከሚነጥርበት የአሜሪካ ምሥራቅ የሣር ሜዳ፣ እንደዚያ ልጅ እጅን ወደ ሥር የሚያዞረው ዌስተርን ደግሞ ከፍ ብሎ ከሚነጥርበት የካሊፎርኒያ የሲሚንቶ ሜዳ የወጡ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቴኒስ ኳስ እዚህ ይፈጥናል፣ ከፍ ብሎም ይነጥራል። ቁመቱ ገና ያልደረሰ ልጅ እጁን ወደ ሥር ያዞረው ስላልተማረ ሳይሆን ኳሱ ራሱ ስላስተማረው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። እጀታው ስምንት ገጽ አለው፤ ራኬቱን በጠርዙ አቁመሽ የላይኛውን አንድ ብለሽ ወደ ቀኝ ብትቆጥሪ፣ ለቀኝ እጅ ተጫዋች የሌባ ጣት ግርጌ አንጓ በሦስተኛው ላይ ሲያርፍ ኢስተርን፣ በአራተኛው ሰሚ ዌስተርን፣ በአምስተኛው ዌስተርን ይባላል። ፌደረር ወደ ሦስተኛው ይቀርባል፤ የናዳል ሰሚ ዌስተርን ነው። እጅ ወደ ሥር በዞረ ቁጥር የራኬቱ ፊት ወደ መሬት ይደፋል፤ ስለዚህ ኳሱን ይበልጥ ከፊት መምታት፣ ወደ ላይም መጥረግ ግድ ይሆናል። ከፍ ያለ ኳስ ይቀልላል፤ ከጉልበት በታች የሚመጣው ግን ያስቸግራል። ስለ ሰርቭ (ነጥቡን ስለሚያስጀምረው ምት) እና ስለ ቮሊ (ኳሱ ሳይነጥር ስለሚመታው ምት) አያያዝ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።

የዛሬ ልጆች ናዳልን በስልክ አዘግይታችሁ ታዩና፣ ግራኝ መሆኑን እንኳ ዘንግታችሁ፣ በማግስቱ እጃችሁን ትለዋውጣላችሁ፤ ግድግዳ ጋር ግማሽ ሰዓት የሚቆም ግን አላይም። ማንንም አላስገድድም ብዬ ለራሴ ቃል ብገባም፣ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሪ ማለቴን ግን ዛሬም አልተውሁም። እጅሽ ከጊዜ በኋላ ወደ አራተኛው ቢንሸራተት አልቆጣም፤ አምስተኛው ላይ ቢደርስ ግን ምናልባት ፊቴ ይጠቁር ይሆናል።

ሐሙስ ስትመጪ ከመረቡ ማዶ ቆሜ 50 ኳስ እልክልሻለሁ፤ አንዳንዱን ለጉልበትሽ፣ አንዳንዱን ለወገብሽ፣ አንዳንዱን ለትከሻሽ። የማየው ኳሱ የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ሃምሳው ሲያልቅ እጅሽን ሳታነሺ ወደ እኔ ነይና የት ላይ እንዳለ አብረን እናያለን።